ከጣት አሻራው በፊት

መጋቢት 4 ቀን 2017፣ ሐሙስ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ ድሮ ልብስ ሰፊው በነበረበት ቤት ላይ ዛሬ ሰሌዳ ተሰቀለ። «ፀደንያ፣ የሕግ ምክርና የጽሕፈት አገልግሎት። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የታገዘ» ይላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ አውቃለሁ። አማቴ ነበራቸው፤ ጥሬ በነከሱ ቁጥር እየወለቀ መከራ ያሳያቸው ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን ዛሬ ገና አነበብሁ። የተፈጥሮው አልቆባቸው ይሆናል።

ልጅቷ የቡሬ ልጅ ናት። ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። የጥብቅና ፈቃድ አላት አሉ። ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ በር ላይ የፕላስቲክ አበባ። እኔ ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ የምጽፈው ራፖር ጸሐፊው ዳኘው፣ በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ሸራ ሃያ ሰባት ዓመት እዚህ አጥር ሥር ተቀምጬ፣ ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ስሜ የታወቀ ሰው፣ በዚህ ዕድሜዬ ከፕላስቲክ አበባ ጋር ልፎካከር ነው።

ዛሬ ለአምስት ሰው ጻፍሁ። አራተኛዋ ደስታነሽ የምትባል ከማንኩሳ ወዲህ ያለች ገበሬ ናት። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ። ነገሯን ከሠርጓ ቀን ጀመረችው። ባላገር መቼም ሲከስ ከአዳምና ከሔዋን ነው የሚነሣ። ባል ሞተ፣ የባል ወንድም መሬቷን ነጠቀ፤ ገና አፏን ስትከፍት ገብቶኛል። እሷ ባሏ የታመመበት ላይ ሳትደርስ እኔ ሦስተኛውን ገጽ ጨርሻለሁ። ያማረ ክስ ወጣው። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቼ አሳተምኋት። ስትሄድም እያወራች ነበር።

መጋቢት 10

በችኮላ ነው የምጽፈው። ሰው ተሰልፏል። እዚህ ሳይሆን ማዶ።

አድማሴ፣ ከጎኔ ባለው ሸራ ሥር የሚጽፈው፣ በምሳ ሰዓት ሄዶ ሰልሎልኝ መጣ። ልጅቷ ባለጉዳዩን ግማሽ ሰዓት ታናግራለች፤ ስልኩ ይቀዳል፤ ላፕቶፑ በሩብ ሰዓት ክስ አድርጎ ያወጣዋል። ከዚያ ዋናው ቀልድ ይመጣል። ጣት ከመታተሙ በፊት ማሽኑ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ገበሬው «ኧረ እንዲህ አላልሁም!» ካለ ታቆመውና ታስተካክላለች።

እንግዲህ እንደ ሬዲዮ ሊሰሙት ነው የሚሄዱ። ባላገር ስለ ሕግ ምን ያውቅና ነው የሚያስተካክል? ሐኪም መርፌውን ከመውጋቱ በፊት ለበሽተኛው ያሳያል?

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ዛሬ ጮማ የበላሁ ያህል ነው፤ ጾም ባይሆን ኖሮ እበላም ነበር።

አንድ ደንበኛዬ በግጦሽ ጉዳይ ከጎረቤቱ ጋር ይካሰሳል። የጎረቤቱ ጠበቃ ያች ልጅ ናት። መልሷ ላይ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ ጠቅሳለች፣ ከነመዝገብ ቁጥሩ፣ ከነቀኑ። እኔ የሰበር ውሳኔ ቅጾቹን መደርደሪያዬ ላይ ደርድሬ ብቻ አላስቀመጥኋቸውም፤ አንብቤያቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ትዝ አላለኝም። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ ገለበጥሁ። የለም! ማሽኑ ከሆዱ አውጥቶ ነው የጻፈው።

ደንበኛዬን «ውሳኔው ይቅረብልኝ በል» ብዬ አስጠናሁት። ዛሬ ችሎት ፊት አለው። ዳኛው ወደ ልጅቷ ዞሩ። እኔ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ተነሥታ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ውሳኔው የለም። ኤአይው ያመጣውን ሳላረጋግጥ ነው ያስገባሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ዳኛው በሰው ፊት ገሠጿት። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። እኔን የገረመኝ ግን ሞኝነቷ ነው። «የጽሕፈት ስህተት ነው» ማለት እያለ! ይህ ቃል ታዲያ ለምን ተፈጠረ? እኔን በሃያ ሰባት ዓመት ስንት ጊዜ ከመከራ አውጥቶኛል። ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስተምርም።

ወሬውን ለሬጅስትራሯ፣ ለአድማሴ፣ ለጥበቃው፣ ለባጃጅ ነጂው ሳይቀር ነግሬያለሁ። ቤት ገብቼ ለእህተ ማርያምም ነገርኋት። ባለቤቴ ምስሯን እየለቀመች ሰማችኝና «አመነች በል!» አለች። ከዚህ ሁሉ ነገር የታያት ይኸው ነው።

ሚያዝያ 2

ኢንተርኔት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ። ላፕቶፑ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። የማዶ ሰልፍ ወደ እኔ ተመለሰ። ብዕር ኔትወርክ አይፈልግም!

አንድ የሚያናድድ ነገር ብቻ። አንዱ ሽማግሌ ጣታቸውን ሰብስበው «እስቲ መጀመሪያ ያንብቡልኝ፤ ያች ልጅ ታነብልናለች» አሉኝ። «ንባብ የሚፈልጉ ከሆነ ዲያቆን ይፈልጉ፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ» አልኋቸው። ከኋላቸው ስድስት ሰው ቆሟል፣ እንዴት ብዬ ነው የማነበው። ጥቂት ቆሙና አተሙ። ልጅቷ ሰውን እያበላሸችው ነው።

ሚያዝያ 14

የፋሲካ ሰሞን ሥራ የለም። አድማሴን ከልጅቷ ቤት ሲወጣ አገኘሁት። ብብቱ ሥር ወረቀት አለ። «እንኳን አደረሰሽ ልላት ነው» አለኝ። እንኳን አደረሰሽ በአራት ገጽ ይጻፋል? ረቂቁን በማሽን እያሳረመው ነው። ከንቱ! በድሮው ጊዜ ቢሆን ጠረጴዛውን እገለብጥበት ነበር።

ሚያዝያ 22

ደስታነሽ መጣች። የባሏ ወንድም ወንዳወቅ የሰጠውን የመከላከያ መልስ ይዛ። ምን እንደሚል አታውቅም። እኔ አነበብሁት፣ ለራሴ።

መልሱ አጭር ነው። «ከሳሿ በክሷ ተራ ቁጥር ሁለት፣ መሬቱ ከአባቴ ለሟቹ ወንድሜ እንደ ተላለፈ በራሷ አንደበት አምናለች። እንግዲያውስ የአባቴ ነው፤ እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ። የመሬት ደብተሩ በእሷ ስም መውጣቱ ስህተት እንደሆነ ከዚሁ ክሷ ይታወቃል።»

«ምን ይላል አያ ዳኘው?» አለችኝ።

«ምንም አይልም። ሲቀባጥር ነው» አልኋት።

«መሬቴን መሬቴ አይደለም ይላል?»

«ለቀጠሮው ቀን ነይ ብቻ።»

እንደ ነገረችኝ ነው የጻፍሁት።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ እህተ ማርያም ለቅሶ ቤት ሄዳለች። እስቲ በረጋ መንፈስ ልጻፍ።

ሰው እንደሚያስበው አይደለም የእኔ ሥራ። ከመምህሬ ከሟቹ አለቃ ጌታሁን የወረስሁት ደብተር አለ። ሽፋኑ ላልቷል። ለየጉዳዩ አርእስት አለው። ከብት የጠፋበት፣ ድንበር የተገፋበት፣ ባሏ የሚደበድባት፣ የባሏ ወንድም መሬት የነጠቃት። በየአርእስቱ ሥር ክሱ በወርቅ አማርኛ ተቀምጧል። እኔ ስሙንና ቀበሌውን አስገባለሁ። ይህን ማሽን ይችለዋል? ከየት አምጥቶ! እሱ የማያውቀውን የሰው ጽሑፍ እየቀነጫጨበ የሚገጣጥም ነገር ነው። የእኔ ግን ከአለቃ የመጣ ነው፤ አለቃም ከመምህራቸው።

የባል ወንድም የነጠቃት ሴት ክስ እንዲህ ይላል፤ ከደብተሩ እገለብጣለሁ። «ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ለባለቤቴ አባት፣ ከባለቤቴ አባትም ለሟቹ ባለቤቴ፣ ከእርሱም ለእኔ የተላለፈውንና በላቤ የኖርሁበትን መሬት ተከሳሹ በጉልበቱ ስለ ነጠቀኝ፣ እንባዬን እያፈሰስሁ አመለክታለሁ።» ይህን ሰምቶ ልቡ የማይነካ ዳኛ የለም። ሁለት መቶ ሴት በዚህ ዓረፍተ ነገር መሬቷን ሳታስመልስ አልቀረችም። ላልገጠማት ለአንዲቷ ሲባል ዓረፍተ ነገሩ ይወቀሳል?

ለነገሩ አልገጠማትም አልልም። እኔ ምን አውቃለሁ። ስታወራ ስለ መሬት ድልድል የሆነ ነገር ጠቅሳ ነበር መሰለኝ። በሰማንያ ዘጠኙ ድልድል፣ እያለች። አላስታውስም። ከኋላዋ አንድ የሚጮህ ሰው ነበር። የመሬት ደብተሯንም ልታወጣ መቀነቷን ስትፈታ «ይቆይ፣ ይቆሽሻል፤ ለምስክር ቀን ታሳዪዋለሽ» ያልኋት እኔ ነኝ። ለደብተሩ አስቤ ነው።

እንደ ነገረችኝ ነው የጻፍሁት።

ወንዳወቅ መሬቱን ሁለተኛ ጊዜ አርሶታል አሉ። ሁለት ጥማድ ናት መሬቲቱ፤ ሌላ የላትም። ዝናቡ ከያዘ በዚህ ወር መጨረሻ በቆሎ ይዘራል። አንዴ ከዘራበት እስከ ኅዳር ማን ያስለቅቀዋል።

ምሳዬን አልበላሁም።

ግንቦት 7

ማዶ ሄደች። ደስታነሽ።

አድማሴ ነው የነገረኝ፣ ደስ እያለው። ልጅቷ የክሱን ግልባጭ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ማሽኑን አስነበበችው። ተራ ቁጥር ሁለት ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነሣች። «ይህ የማን ክስ ነው? የእኔን ያንብቡልኝ!» አለች። ልጅቷ ስሟንና አሻራዋን አሳየቻት። አድማሴ እዚያ ምን ይሠራ እንደ ነበር አልጠየቅሁትም።

አሥር ሰዓት ላይ ፀደንያ ራሷ መጣች። ባለጉዳይ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሽ ዳኘው፣ ልቸግርዎት ነው።»

«ሰበር ላይ የሌለ ቁጥር ልትጠይቂኝ ነው?»

«እሱንማ ከፍዬበታለሁ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ከቅጹ ሳላይ አላስገባም፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ» አለች። ስድብ መሆኑን ለማወቅ ፊቷን አየሁት። አይደለም። «የደስታነሽን ክስ ለማሻሻል ማመልከቻ አዘጋጅቻለሁ። ወንዳወቅ ግን እጇን ካተመች በኋላ ቃሏን ልትለውጥ ነው ብሎ ይቃወማል። ዳኛው እሷን ብቻ የሚያምኗት አይመስለኝም። የጻፈው ሰው ቀርቦ፣ ሳይነበብላት እንዳተመች ቢያስረዳ ግን…»

«እኔ ሳይነበብላት አተመች አልሁሽ?»

«አላሉኝም።»

«ማሽንሽ ነገረሽ?»

«ማሽኑማ የነገረኝ ተራ ቁጥር ሁለትና የመሬት ደብተሩ እንደማይስማሙ ብቻ ነው። ደብተሩን ቢያዩት እርስዎም በአንድ ዓይን ይለዩት ነበር።»

ሃያ ሰባት ዓመት ስለ ኖርሁበት ጠረጴዛ፣ ስለ አለቃ ጌታሁን፣ ስለ ፕላስቲክ አበባዋ፣ ያለኝን ሁሉ አወረድሁባት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስትነሣ «ቀጠሮው ግንቦት ሃያ አምስት ነው ጋሼ» አለችና ሄደች። አሰማሟ ነው ያናደደኝ። ሰው ሲሰደብ መልስ ይሰጣል።

ግንቦት 12

አልሄድም። ምን ቆርጦኝ!

አልሄድም ብዬ ለእህተ ማርያም ነገርኋት። «ማን ሂድ አለህ?» አለችኝ።

ሻይ ቤት ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጬ ሁለት ገበሬዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «የዳኘው ጽሑፍ መቼም ያምራል» አለ አንዱ። «ያምራል፤ የማን ነገር እንደሆነ ነው የማይታወቅ» አለ ሌላው። ሣቁ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሻዩም ሻይ አልነበረም።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ዛሬ ደስታነሽ ወደ እኔ መጣች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ አፌን አዘጋጅቼ ጠበቅኋት። በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«አያ ዳኘው፣ እርስዎን ልወቅስ አልመጣሁም» አለች። «ጣቴን ያተምሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ሳልጨርስልዎት ነው የሄድሁ፤ ልጨርስልዎት ነው የመጣሁ።»

«በይ» አልሁ። ሌላ ባለጉዳይ አልነበረም፤ ሰሞኑን የለም።

«በድልድሉ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አላገባሁም። ሊቀ መንበሩ ዕጣውን በቆብ አድርጎ ሲያዞር ወንዶቹ ሣቁብኝ፤ ሴት ምን ልታርስበት ነው እያሉ። እጄን ሰድጄ አወጣሁ። ያች ሁለት ጥማድ ደረሰችኝ። ባሌ እኔን ሲያገባ መሬት አልነበረውም፤ አባቱ መሬታቸውን ለወንዳወቅ ነው ያወረሱ። ባሌ በእኔ መሬት ነው ገበሬ የሆነ። ይህንን ነው ልነግርዎት የነበረ። ከሠርጌ የጀመርሁልዎት ለዚያ ነው።»

ቀለም የነካ ጣቴን ሳሻሽ ቆየሁ።

«በእጄ ያወጣሁትን ዕጣ» አለች፣ «እርስዎ የአማቼ ርስት አደረጉት። ወንዳወቅ እንኳ ይህን ብሎ አያውቅም ነበር። ከእርስዎ ነው ያገኘው።»

ተነሥታ ሄደች። አልቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እንደ ነገረችኝ አልጻፍሁም። እነሆ፣ እዚህ ጻፍሁት። ማንም አያየውም።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ሄድሁ።

መንገድ ላይ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። የጽሕፈት ስህተት። ሁለት ቃል ነው፤ ማንንም አይጎዳም፣ ለማሻሻሉም ይበቃል ብዬ አሰብሁ።

ወንዳወቅ ሁለት ዘመዶቹን አስከትሎ መጥቷል። ፀደንያ ማመልከቻዋን ካሰማች በኋላ ወንዳወቅ ተነሣና «ጌታዬ፣ ተነቦላት፣ አምናበት፣ እጇን አትማለች። እዚህ አገር ከዳኘው የተሻለ ጸሐፊ የለም፤ እሱ ይሳሳታል?» አለ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። ከሌባ አፍ መምጣቱ!

ዳኛው ወደ እኔ አዩ። «ተራ ቁጥር ሁለት እንዴት ተጻፈ?»

«የጽሕፈት…» ብዬ ጀመርሁ። ደስታነሽ ከፊት ለፊቴ ቆማለች፤ መቀነቷ ውስጥ የመሬት ደብተሩ አለ። ዳኛው ብዕራቸውን አንሥተው ይጠብቃሉ። የጽሕፈት ስህተት ብል ወንዳወቅ «ታዲያ ሲነበብላት ለምን ዝም አለች?» ይላል። ይህንን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ እኔ ብሆን ለወንዳወቅ የማስጠናው ይህንኑ ነው።

«ሳትጨርስ ነው የጻፍሁት» አልሁ። «ቃሉ የእሷ አይደለም፤ ከደብተሬ የገለበጥሁት ነው። ሳላነብላት አሳተምኋት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሣቀ። አድማሴ ሳይሆን አይቀርም። ዳኛው ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው «ስንት ሰው እንዲህ አሳትመዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ለመዝገቡ የሚያስፈልግ ጥያቄ አልነበረም።

ክሱ እንዲሻሻል ተፈቀደ። ነገሩ እስኪወሰን መሬቱ ላይ ማንም እንዳይዘራ ታገደ። ወንዳወቅ አይዘራም፤ ደስታነሽም አትዘራም። ዘንድሮ ሁለት ጥማዱ ጦሙን ያድራል። ይህ የማን ሥራ እንደሆነ ችሎቱ አልተናገረም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

በር ላይ ፀደንያ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችኝ። «አበባሽን አንሺው፤ አቧራ ጠጥቷል» አልኋት።

ቤት ስገባ እህተ ማርያም ሰምታለች። ከተማው ትንሽ ነው። ምሳዬን አቀረበችልኝና «ዛሬስ ትበላለህ» አለች። በላሁ።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ጾም ገባ፤ ዝናብም። ሸራዬ በአንድ በኩል ያፈሳል። ማዶ ሰልፍ አለ፤ ማሽኑ ጮክ ብሎ ሲያነብ እስከዚህ ይሰማል። ድምፁ ድርቅ ያለ ነው፤ ነጥብ ላይ እንኳ አያርፍም። እንደዚያ የሚያነብ ተማሪ አለቃ ጌታሁን ዘንድ ቢሆን ኖሮ በአለንጋ ነበር።

ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ብቻ መጣ። እጅጉ የሚባል የጂጋ ገበሬ፣ ጎረቤቱ የውኃ ቦዩን ዘግቶበት። እስኪጨርስ ሰማሁት። ከአያቱ ጀመረ። አያቱ ቦዩን የቆፈሩት ሆነው ተገኙ፤ ለነገሩ ዋናው ማስረጃ እሱ ነበር። የአለቃን ደብተር አልከፈትሁም። ሲያልቅ ቀለሙን ከማቅረቤ በፊት «ቆይ» አልሁትና አነበብሁለት።

ሦስት ቦታ አስቆመኝ። ሦስት ቦታ! አንዴ የጎረቤቱን ስም፣ አንዴ ቦዩ የተዘጋበትን ወር። ሁለቱንም አስተካከልሁ። ሦስተኛው ላይ ግራ ገብቶት አየኝ።

«ይህ ‹እንባዬን እያፈሰስሁ› የሚለው፣ እኔን ነው ጌታው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ አላለቀስሁም። ተናደድሁ እንጂ።»

እጄ ለምዶት ነው፤ መቼ እንደ ጻፍሁት እንኳ አላወቅሁም። ሰረዝሁት። «ተናድጄ» ብዬ ጻፍሁና እንደ ገና ከመጀመሪያው አነበብሁለት። እስከ መጨረሻው ሰማና ጣቱን ሰጠኝ።

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ያላለቀሰውን ሁሉ ሳስለቅስ ኖሬያለሁ።